ያ ቀጥ ያለ መስመር

የምነግራችሁ ገጠመኝ ጀግና የለውም። ጀግና ካስፈለጋችሁ አንዲት ሴት አሉ፤ እሳቸው ግን ጀግና ብትሏቸው ይቆጣሉ። እኔ በታሪኩ ውስጥ ያለሁት ሞኝ ሆኜ ነው። ሞኝ ብቻ ብሆን ደግሞ ባልከፋ፤ የተማረ ሞኝ ነበርሁ፣ እሱ ይብሳል።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጎንደር ተወልጄ እዚያው ከተማርሁ በኋላ ደባርቅ በሚገኝ አንድ የክትባት ማከማቻ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርሁ። ማከማቻው በዙሪያው ላሉት ወረዳዎች፣ ከዳባት እስከ ጃናሞራ፣ ክትባት ያድላል። ሦስት ትልልቅ ፍሪጆች፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ሰርቨር፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ እኔ። እትዬ ዓለምነሽን ከቆጠራው ያስቀረኋቸው ረስቼ አይደለም። ያኔም እንዲሁ ነበር የምቆጥረው።

እትዬ ዓለምነሽ የፍሪጆቹ ጠባቂ ናቸው። አምሳዎቹን ያጋመሱ፣ የዳባት ሰው፣ የመሪጌታ ልጅ። ጠዋትና ማታ እየመጡ በየፍሪጁ ውስጥ የተንጠለጠለችውን ቴርሞሜትር ያነቡና ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ቅዳሜ አይሉ እሁድ አይሉ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንደለበሱ ይመጣሉ። አባታቸው ፊደል ያስቆጠሯቸው ስለሆኑ ጽሕፈታቸው ቁልጭ ያለ ነው። እኔ ግን ከጽሕፈቱ በቀር በዚያ ደብተር ውስጥ የረባ ነገር አልታየኝም ነበር።

እንግዲህ ስለ ሥራዬ ጥቂት ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ስለሆነ ታገሡኝ። ሰርቨሩ ላይ ኤጀንት የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሥራው ሲጠየቅ መመለስ ነው። ከላይ ያለው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት በየአምስት ደቂቃው «አለህ ወይ? ዲስክህ ሞላ ወይ? መስመርህ ደህና ነው ወይ?» ይለዋል፣ እሱም ይመልሳል። ስለ ፍሪጅ ግን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የተሠራው ለኮምፒውተር ነዋ። ሆኖም እጃችሁ ከተፍታታ ልታስተምሩት ትችላላችሁ። ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ትጽፉና ኤጀንቱን «በዚህ ቁጥር ሲጠይቁህ ይኼን ስክሪፕት አስኪድ፣ ያወጣውን መልስ» ትሉታላችሁ። በቃ። ቁጥሩ የሙቀት ይሁን የዝናብ፣ እውነት ይሁን ውሸት እሱ ምን አገባው። የሰጡትን ተቀብሎ ያቀብላል።

እኔም በየፍሪጁ ሙቀት የሚለካ ቀጭን ሴንሰር አስገባሁ፣ ስክሪፕቱን ጻፍሁ፣ ኤጀንቱን አስተማርሁ። የፍሪጆቹ ሙቀት ኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን መታየት ጀመረ። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሲሆን አረንጓዴ፣ ከዚያ ካለፈ ቀይ። ሥራው ጥሩ ሥራ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ኃላፊያችን አቶ መኳንንት ይባላል። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ብዕሩ በእኔ እጅ ስለሆነ አልልም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበሩን ወደ ስክሪኑ እያዞረ «ዲጂታል ሆነናል» ይላል። ስክሪኑ ምን እንደሚያሳይ ብትጠይቁት አያውቅም። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም እንደሆነ፣ ቀይ ከሆነ ከላይ ስልክ እንደሚደወልና ግምገማ እንደሚጠራ ያውቃል። ለኃላፊነት ይኼ ይበቃ ነበር።

ቀይ የሚያመጣብን የሁለተኛው ፍሪጅ የሴንሰር ሽቦ ነው። የበሩ ጎማ እየተጫነው ሲላላ ሴንሰሩ ንባቡ ይጠፋበትና «ከዜሮ በታች መቶ ሃያ ሰባት» ይላል። ይኼ ሙቀት አይደለም፤ «ሽቦዬ ተበጥሷል» ማለቱ ነው። ስክሪኑ ግን ይቀላል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አቶ መኳንንት ላብ በላብ ሆኖ ይመጣል።

«ይኼን ቀይ ነገር አጥፋልኝ!»

«ሽቦው ነው ጋሼ፤ አዲስ ሽቦ ይፈልጋል።»

«ሽቦ አላልሁህም፤ ቀዩን ነው ያልሁህ።»

ሽቦ ለማስገዛት ደብዳቤ ይጻፋል፣ ፊርማ ይለመናል፣ ወር ይጠበቃል። ስክሪፕት ለመቀየር ግን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ተቀመጥሁና ጨመርሁበት፦ ከአራት በታች የሆነ ንባብ ከመጣ ውሸት ነውና ጣለው፣ በምትኩ የመጨረሻውን ደህና ቁጥር መልስ። መቶ ሃያ ሰባትን ብቻ ጣል ማለት እችል ነበር። ግን ፍሪጁ ደህና ሲሆን ከአራት ወርዶ አያውቅም፣ ከዚያ በታች ምን ሊያደርግ ይወርዳል ብዬ ሁሉንም አንድ ላይ ጠረግሁት።

ከዚያ ወዲህ ቀይ የሚባል ቀረ። አቶ መኳንንት በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ ምስጋናው አናቴ ላይ ወጣና በዚያው ስብሰባ እጄን አውጥቼ የእትዬ ዓለምነሽ ደብተር ይቅር አልሁ። «ዘመኑ የደብተር አይደለም» ያልሁት ትዝ ይለኛል። ተጨበጨበልኝ። እትዬ ዓለምነሽ ከኋላ ወንበር ሆነው «ይቅር ካላችሁ ይቅር» አሉ። አላስቀሩትም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት «ተሞክሮ ለመቅሰም» እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ያንኑ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ለጃናሞራ እናቶች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በመኪና ይወጣል። አቶ መኳንንት እንግዶቹን ሲያስብ እጁ አላርፍ ብሎት ማከማቻው ገባና የሁለተኛውን ፍሪጅ ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ጠመዘዘው። «ክትባት የሚወደው ቅዝቃዜ ነው፤ ይጠጣ!» አለ እየሳቀ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ስለ ክትባት ከእሱ የማልሻል ደንቆሮ ስለነበርሁ አብሬው ሳቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ማከማቻው በር ላይ ቆሟል። ጃናሞራ የምትሄደው ነርስ ሲስተር የሺ ጋቢና ተቀምጣለች። እትዬ ዓለምነሽ ቁልፉን ይዘው በሩን ተደግፈዋል።

«ይኸ ክትባት አይወጣም» አሉ።

«እትዬ ዓለምነሽ፣ ምን ሆነዋል? የጃናሞራ እናት ተጠርታ እየጠበቀች ነው» አለ አቶ መኳንንት።

«ትጠብቅ። የሁለተኛው ፍሪጅ ተበላሽቷል። ቅዳሜ ጠዋት ብመጣ ከዜሮ በታች ሦስት ነው፤ ብልቃጡ ሁሉ በረዶ ሠርቷል። ማዞሪያውን መለስሁት። ማታ ከዜሮ በታች አንድ፣ እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። እዚህ ተጽፏል። ደግሞስ ደውዬልዎት የለም?»

«ደውለዋል። እኔም ወዲያው በስልኬ አየሁት፤ አራት ነጥብ ሁለት! ስክሪኑ ነው የሚዋሸው?»

«እኔ ስክሪን አላውቅም። ይኸ ክትባት ሙቀት ቢያገኘው ቀስ እያለ ነው እሚደክም፤ በረዶ ከመታው ግን አለቀ፣ አይነሳም። ሲቀልጥ ደግሞ ደህናውን ይመስላል፣ ክፋቱ እሱ ነው።»

በዚህ መሐል የእንግዶቹ መኪና በግቢው በር ገባ። ኮሶዬ ላይ ወርደው ገደሉን ጀርባ አድርገው ፎቶ ሲነሱ ስለቆዩ ይዘገያሉ ብለን ነበር፤ ፎቶው ቶሎ አልቆ ኖሮ ደረሱ። አቶ መኳንንት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይርጋ! ና ወዲህ! ባለሙያው ይናገር፤ እንግዶቹም ይስሙ።»

ተናገርሁ። ዛሬም ድረስ አንድ ቃል ሳይቀር ይሰማኛል። «የእትዬ ዓለምነሽ ቴርሞሜትር የድሮ ነው። ዓይንም ይደክማል። የእኛ ሴንሰር ግን በየአምስት ደቂቃው ያነባል። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ አራት ነጥብ ሁለት።» ነጥቧን ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኋት፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ሲናገሩት ያምራል። መነጽር ያደረጉት የእንግዶቹ መሪ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እትዬ ዓለምነሽ አልተከራከሩኝም። ከያዙት ትንሽ የክትባት ሳጥን ሁለት ብልቃጥ አወጡ። «እንግዲያው ግማሽ ሰዓት ስጡኝ። ይቺ ራሴ አውቄ በረዶ አድርጌ ያቀለጥኋት ናት። ይቺ ደግሞ ከሦስተኛው ፍሪጅ ናት፣ በረዶ አልነካትም። ከሁለተኛው አንድ አምጡና ሦስቱን ወዝውዘን እናስቀምጥ። በረዶ የመታው ዝቃጩ ቶሎ ይወርዳል። ዓይኔ ደክሞ እንደሆነ የእናንተ ዓይን ይየው።»

«ለእንግዳ ብልቃጥ ስንወዘውዝ እንታይ? ቁልፉን አምጪ!» አለ አቶ መኳንንት። አንቱታው በዚያች ቅጽበት ወደቀ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ። ደብዳቤሽ ይደርስሻል።»

ቁልፉን በእጁ አልሰጡትም። ደረጃው ላይ አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሃ ነው እምትወጓቸው» አሉኝ።

ሳጥኖቹ ተጫኑ፣ መኪናው ሄደ። እኛም እንግዶቹን ይዘን ወደ ስክሪኑ ገባን።

አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። አቶ መኳንንት ስለ ዲጂታል ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደሰኮረ። ከዚያ መሪው መነጽራቸውን እያስተካከሉ «የፍሪጆቹን የሳምንት መጨረሻ በመስመር ልታሳየን ትችላለህ?» አሉኝ። እንዴታ! የሁለተኛውን ፍሪጅ ከፈትሁት።

ፍሪጅ የሚሠራ ከሆነ መስመሩ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሞተሩ ሲነሳ ይቀዘቅዛል፣ ሲያርፍ ይሞቃል፤ መስመሩም ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ወራት ሙሉ ያየሁት ነገር ነው። ከዓርብ ማታ እስከ እሁድ ጠዋት ያለው ግን በማስመሪያ የተሰመረ ነበር። አራት ነጥብ ሁለት፣ አራት ነጥብ ሁለት፣ አራት ነጥብ ሁለት። ቅንጣት ሳይወርድ፣ ቅንጣት ሳይወጣ።

«እንዴት ያለ መረጋጋት ነው!» አሉ መሪው።

አጨበጨቡ። አዎ፣ አጨበጨቡ ነው የምላችሁ። አንዱ ተነስቶ መስመሩን ፎቶ አነሳው። አቶ መኳንንት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የቡድን ሥራ ውጤት ነው» አለ። እኔ ግን ያ መስመር የፍሪጁ እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ የራሴ ነው። ፍሪጁ ከዜሮ በታች ወርዶ የጮኸውን ጩኸት ሁሉ ስክሪፕቴ እየጣለ የዓርቡን ቁጥር ሲደጋግም ከርሟል።

ኮምፒውተሬ ጋ ሮጥሁ። ስክሪፕቱ ከመጣሉ በፊት ጥሬውን ንባብ በአንድ ፋይል ላይ እንዲያሰፍር አድርጌ ነበር፤ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ከፈትሁት። ዓርብ ማታ አንድ፣ ከዚያ ዜሮ፣ ከዚያ ከዜሮ በታች። ቅዳሜ ጠዋት ከዜሮ በታች ሦስት። ቅዳሜ ማታ ከዜሮ በታች አንድ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ቃል በቃል እዚያ ተቀምጧል።

ተመልሼ አቶ መኳንንትን በጆሮው ነገርሁት። ወደ ኮሪደሩ ይዞኝ ወጣ።

«ይኼን ስንት ሰው ያውቃል?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያየሁት።»

«በቃ። አንተና እኔ እናውቃለን።»

«ክትባቱስ? ሴቶቹስ?»

«ሴቶቹ ይወጋሉ፣ እቅዱ ይሞላል። ተወጉ ነው ሪፖርቱ የሚለው፤ ዳኑ አይልም። ደግሞ ስክሪፕቱን የጻፍኸው እኔ ነኝ እንዴ?» ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ምሳ ታዟል፤ ና ግባ።»

ወደ ምሳው መግባት አምሮኝ እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም። አምሮኛል። ሥራዬን እወደው ነበር፣ ስሜን ደግሞ ከሥራዬም አብልጬ። ግን እግሬ ወደ ማከማቻው ወሰደኝ። እትዬ ዓለምነሽ አልሄዱም፤ ትንሿን ሳጥን ጭናቸው ላይ አድርገው ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ዓለምነሽ፣ እርስዎ ነዎት ልክ። ስክሪኑ…»

«እሱን አውቄዋለሁ» ብለው አቋረጡኝ። «ንስሐህን ለቄስ አድርገው። መኪናው አሁን የት ይደርሳል?»

ለሹፌሩ ደወልሁ። ሊያገኟቸው አይችሉም። ለሲስተር የሺ ደወልሁ። ሊያገኟቸው አይችሉም። የኮምፒውተር ባለሙያው እኔ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ያለን አንድ ሰው በስልክ ማግኘት አቃተኝ። እትዬ ዓለምነሽ ተነሱና መንገድ ዳር ቆመው በነጠላቸው ጫፍ አይሱዙ አስቆሙ። ባለ አይሱዙው ሳንቃበር አቅጣጫ ገብስ ሊጭን ባዶውን የሚሄድ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ተነሳን። መኪናው ቀድሞን ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

አቀበቱን እየወጣን ነው። ጉም ወርዷል። አይሱዙው እያቃሰተ ነው፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ጃናሞራ ደርሰው ሳጥኑ ለየጤና ኬላው ከተበተነ አንድም ብልቃጥ መመለስ አይቻልም።

«አራስ ልጅ መንጋጋው ተቆልፎ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ እትዬ ዓለምነሽ ድንገት።

«አላውቅም።»

«ጡት መያዝ ያቅተዋል። እናቲቱ ጡቷ ግቶ እያመማት፣ እሱ አፉ ተገጥሞ ያያታል። እናቲቱ ደህና ክትባት ብትወጋ ኖሮ የማይመጣ ነገር ነው። አሁን ውሃ ተወግታ ‹ተከትቤያለሁ› ብላ ተማምና ትወልዳለች። ባትወጋ እንኳ ትጠነቀቅ ነበር።»

ይኼን ብለው ወደ ጉሙ ዞሩ። እኔ እንደገና ሰዓቴን አየሁ።

ሳንቃበር ሳንደርስ ከመንገዱ ዳር ካለች መንደር አጠገብ ክትባቱን የጫነው መኪና ቆሞ አየነው። መጀመሪያ ተበላሽቶ መሰለኝ። ጠጋ ስንል ሹፌሩ ጌታነህ ከኋላ የድንች ጆንያ ሲጭን ደረስን። ለካስ የአማቶቹ ቤት እዚያ ነው። በመንግሥት መኪና የአማቱን ድንች ሊጭን ጎራ ብሎ፣ አማት ቤት ተገብቶ ሳይበሉ መውጣት ነውር ስለሆነ ተቀምጦ በልቶ፣ ጠላ ተደግሞለት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆይቷል። ሲስተር የሺ ጋቢና ውስጥ በንዴት ቀልታለች። በመንግሥት ንብረት ስለሚቀልድ ሰው በሕይወቴ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ አምላኬን አመሰገንሁ።

«ሲስተር፣ ክትባቱ ተበላሽቷል፣ እንመለስ» አልኋት።

«ጠዋት ደህና ነው ያልኸኝ አንተ አይደለህም?» አለች። «አራት ነጥብ ሁለት ብለህ እንግዳ ፊት ያስረዳህ? አሁን ደግሞ ተበላሸ? የኃላፊው ፊርማ እጄ ላይ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ተጉዘው የሚጠብቁ እርጉዞች አሉ። በምን ቃል ነው የምመለሰው?»

እውነቷን ነው። የእኔ ቃል ከጠዋት እስከ ቀትር ሁለት ሆኗል።

«በቃል አይደለም» አሉ እትዬ ዓለምነሽ። «አንድ ብልቃጥ ከሳጥንሽ አውጪ፣ ልጄ።»

የመኪናውን አፍንጫ በነጠላቸው ጠረጉት። ሦስቱን ብልቃጥ በአንድ እጃቸው ሰብስበው በኃይል ወዘወዙና ጎን ለጎን አቆሟቸው፤ በረዶ እንዲሆን ያደረጉት፣ ከሲስተር የሺ ሳጥን የወጣው፣ በረዶ ያልነካው። ሦስቱም እንደ አጓት ደፈረሱ። አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም።

«እንጠብቅ» አሉ።

አምስት ደቂቃ። ንፋሱ ያፏጫል። ጌታነህ ድንቹን ትቶ መጣ፤ አማቱም ከደጃፋቸው ወጥተው በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ። አሥር ደቂቃ። በረዶ የሆነው ብልቃጥ ከላዩ መጥራት ጀመረ። ዓይኔን መሐለኛው ላይ ተክያለሁ። ሊያስቅ የሚችል ነገር ልንገራችሁ፤ ልቤ ደህና ይሁን እያለ ይለምን ነበር። ደህና ከሆነ እትዬ ዓለምነሽ ተሳስተዋል፣ እኔ ልክ ነኝ፣ ወደ ምሳዬ እመለሳለሁ። ፋይሉን በዓይኔ አይቼ እንኳ!

አሥራ አምስት ደቂቃ። የመሐለኛው ከላዩ ጠራ። ከታቹ ነጭ ፍርፋሪ ተኛ። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ሆነ። ሦስተኛው፣ ያ ደህናው፣ እንደደፈረሰ ነው። ግማሽ ሰዓት እስኪሞላ ቆየን፤ ሁለቱ ጠሩ፣ አንዱ ደፍርሶ ቀረ።

ሲስተር የሺ ብልቃጡን አንስታ ወደ ብርሃን አየችው። «ዛሬ ከሰዓት እወጋቸው ነበር እኮ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ብመለስ ግን ነገ ‹ስክሪኑ ደህና ነው እያለ ነርሷ ጥላ ተመለሰች› ነው የሚባለው። ጻፍልኝ። በእጅህ።»

ወረቀት አልያዝሁም፤ የዲጂታል ሰው ነኛ። እትዬ ዓለምነሽ ደብተራቸውን ከፍተው ከጀርባው አንድ ንጹሕ ገጽ አሳዩኝና እስክሪብቶ አቀበሉኝ። መኪናው አፍንጫ ላይ ተደግፌ ጻፍሁ፦ «የሁለተኛው ፍሪጅ ሙቀት ነው ተብሎ በስክሪን የታየው ቁጥር ሐሰት ነው። ሐሰት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ትክክለኛው እትዬ ዓለምነሽ የጻፉት ነው።» ስሜንና ፊርማዬን አኖርሁ። ጽሕፈቴ ከእሳቸው ጋር ሲተያይ ያስጠላል። ሲስተር የሺ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ስንመለስ ኔትወርክ ያገኘንበት ጉብታ ላይ ስንደርስ ለበላይ ላከችው። ከዚያ በኋላ ለመቅበር ያሰበ ሁሉ ረፈደበት።

ምን ተፈጠረ ትሉኝ ይሆናል። በዚያው ሳምንት ከጎንደር ደህና ክትባት መጣና የጃናሞራ እናቶች ተከተቡ። ከዚያ ውጪ ያለው እንደ አገራችን ነው። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል፣ ያንሰኛልም። እንግዶቹ ያንን ቀጥ ያለ መስመር በፎቶው አስደግፈው «ተሞክሮው ይስፋ» የሚል ሪፖርት አስገቡ። አቶ መኳንንት ተገመገመ፣ ግለ ሂስ አደረገ፣ ከዚያ ወደሚበልጥ ቢሮ ተዛወረ፤ እዚያ ግድግዳው ላይ ሁለት ስክሪን እንዳለው ሰምቻለሁ። ለእትዬ ዓለምነሽ ቁልፉ የዚያኑ ማታ ተመለሰላቸው። ደብዳቤ አልተጻፈላቸውም፣ ይቅርታም አልተባሉም።

እናንተ ይኼን የምታነቡ፣ በየቢሮው ስክሪን የምትሰቅሉም፣ ስክሪን የምታሳምሩም፣ ስክሪን አይታችሁ የምታጨበጭቡም፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኤጀንቱን አትስደቡብኝ፤ እሱ የሰጡትን ነው ያቀበለው። ከታች ያለውን ሰው ግን ጠይቁ፦ ነገሩ ሲጠፋብህ፣ ሳታውቀው ስትቀር፣ ለበላይህ ምንድን ነው የምትመልሰው? በየመሥሪያ ቤቱ ዞሬ ያየሁት የእኔን ስክሪፕት ነው፤ ሰው ሆኖ፣ ከረባት አስሮ፣ የባለፈውን ደህና ቁጥር የሚደግም። ከላይ ያለውም ቀይ ሲያይ ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ቀዩን አጥፋ ይላል። ሁለቱ ከተገናኙ መንጋጋው ለሚቆለፈው ሕፃን የሚቆምለት የለም። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቁጥር አምሮ ከታየኝ፣ ሄጄ በሩን ከፍቼ አያለሁ። ብዙ ጊዜ አጓጉል ልፋት ነው። ይሁን።

በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስክሪፕቱን አፍርሼ እንደገና ጻፍሁት። ከዜሮ በታችም ቢሆን ያነበበውን እንዲናገር፣ ንባብ ሲያጣ ደግሞ የድሮውን እንዳይደግም አደረግሁ። ከዚያ ለማንም ሳላሳይ ወደ ማከማቻው ወረድሁ። እትዬ ዓለምነሽ የጠዋቱን እየጻፉ ነው።

«አስተካከልሁት» አልኋቸው።

«እሺ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ማየት አይፈልጉም?»

ጽፈው ጨረሱ፣ እስክሪብቶውን ከደኑ፣ ደብተሩን አጠፉ። ከዚያ ነው ያዩኝ።

«አሁን ያላየውን ነገር ሲጠይቁት ምን ይላል?»

«አላውቅም ይላል።»

ደብተሩን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

«እንግዲያው ካንተ ተሽሏል» አሉና የሁለተኛውን ፍሪጅ በር ከፈቱ።